ስሙ የት ነው የተጻፈው? ፎቶ ላይ ሰዎችን ታግ ስለማድረግ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከጥቂት ዓመታት በፊት የኮምፒውተሬ ዲስክ ተበላሸ። ፎቶዎቼ ሌላ ዲስክ ላይ ባክአፕ ስለነበራቸው ብዙም አልደነገጥኩም። ፎቶዎቼን የማደራጅበትን ፕሮግራም እንደገና ጫንኩ፣ ፎቶዎቹን መለስኩ፣ ከዚያ የአያቴን ስም ጽፌ ፈለግኩ። አንድም ፎቶ አልመጣም። ማታ ማታ እየተቀመጥኩ ለወራት ፊቶቹ ላይ አንድ በአንድ የጻፍኳቸው ስሞች (ታጎች) በሙሉ የሉም። ፊቶቹ አሉ፣ ስም የለም። ያን ቀን የገባኝን፣ ከዚያ ወዲህም ከወዳጅ ዘመድ ደጋግሜ የሰማሁትን እዚህ ልጻፈው።

«ታግ ካደረግኩ ስሙ ፎቶው ውስጥ ገብቷል»

ሁልጊዜ አይደለም። እኔን የጎዳኝም ይኸው ነው። ብዙ የፎቶ ላይብረሪ ፕሮግራሞች ስሙን የሚያስቀምጡት በራሳቸው ዳታቤዝ ነው። ዳታቤዙ ከፎቶዎቹ ተለይቶ የሚቀመጥ ሌላ ፋይል ነው። እኔ ባክአፕ ያደረግኩት ፎቶዎቹን እንጂ እሱን አልነበረም።

ስሙ ከፎቶው ጋር አብሮ እንዲሄድ ኤክስኤምፒ የሚባል የሜታዳታ (ስለ ፎቶው አብሮት የሚቀመጥ መረጃ) አጻጻፍ አለ። አዶቤ እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው ሲሆን ዛሬ ብዙ ፕሮግራሞች ያነቡታል። ፋይሉን ከፍተን ብናየው ከስሙ አጠገብ አራት ቁጥሮች እናገኛለን፤ ለምሳሌ 0.31፣ 0.42፣ 0.08 እና 0.12። የፊቱ መሃል ከግራ ጠርዝ 31 በመቶ፣ ከላይ ደግሞ 42 በመቶ ላይ ነው ማለት ነው። ፊቱን የሚከበው ሳጥን ወርዱ የፎቶውን ወርድ 8 በመቶ፣ ቁመቱ የፎቶውን ቁመት 12 በመቶ ይይዛል። ልኩ በፒክስል ያልተጻፈው ፎቶው ቢያንስም ቢተልቅም ሳጥኑ ፊቱ ላይ እንዲቆይ ነው። ይህን ሳየው ደስ አለኝ። የአያቴ ስም የትም ቢሄድ አብሯት የሚሄድበት መንገድ አለ ማለት ነው።

ግን ፕሮግራሙን ማዘዝ ያስፈልጋል። ዲጂካም በሚባለው የፎቶ ፕሮግራም ላይ ሴቲንግ ገብታችሁ ሜታዳታ በሚለው ስር የፊት ታጎችን ፋይሉ ላይ እንዲጽፍ ማድረግ ትችላላችሁ። ላይትሩም ክላሲክ በሚባለው የአዶቤ ፕሮግራም ላይ ፎቶዎቹን መርጣችሁ ኮንትሮል እና ኤስ ትጫናላችሁ። ጉግል ፎቶስ ላይ የሰጣችሁት ስም ግን የሚቀመጠው በአካውንታችሁ ነው። ፎቶውን ስታወርዱት ስሙ ፋይሉ ውስጥ የለም። ፒካሳ የሚወደድ የፎቶ ፕሮግራም ነበር፤ ጉግል እ.ኤ.አ. በ2016 አቋረጠው። ፕሮግራም እንደዚህ ይመጣል፣ ይሄዳል።

መፈተኛው ቀላል ነው። ታግ ያደረጋችሁትን አንድ ፎቶ ኮፒ አድርጋችሁ ባዶ ፎልደር ውስጥ አስገቡ። ከዚያ በሌላ ፕሮግራም ክፈቱት። ስሙ ከመጣ ጥሩ። ካልመጣ ዛሬውኑ ሴቲንጉን አስተካክሉ። ለሮው ፋይሎች (ካሜራው ሳያቀናብር ለሚያስቀምጣቸው ጥሬ ፎቶዎች) ስሙ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ከጎናቸው በሚቀመጥ ትንሽ የኤክስኤምፒ ፋይል ላይ ስለሆነ፣ ፎቶውን ስታዘዋውሩ እሱንም አብራችሁ ውሰዱ።

«ፕሮግራሙ ሰውየውን ያውቀዋል»

አያውቀውም፤ የሚያደርገው ማነጻጸር ነው። መጀመሪያ ፎቶው ላይ ፊት የሚመስለውን ሁሉ ይፈልጋል። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ምስልም ቢሆን ሳጥን ያደርግበታል። ቀጥሎ እያንዳንዱን ፊት ወደ ቁጥሮች ይለውጣል። የጉግል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ያቀረቡት ፌስኔት የተባለ የፊት መለያ ሥርዓት አንድን ፊት በ128 ቁጥሮች ይገልጸው ነበር። ቁጥሮቹ እናንተ ስም ከሰጣችሁት ፊት ቁጥሮች ጋር ከተቀራረቡ «እሱ ይሆን?» ብሎ ይጠይቃችኋል። ነገሩ በቃ ይኸው ነው።

ስለዚህ እህትማማቾችን ያምታታል። ሕፃን ሳለ የተነሳውንና ካደገ በኋላ የተነሳውን ልጅ ሁለት ሰው ያደርገዋል። የቆዳ ቀለምና ዝርያም ለውጥ ያመጣሉ። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሪፖርት፣ ሁለት ሰዎችን አንድ ናቸው ብሎ የመሳሳት መጠን ለአፍሪካ አሜሪካውያንና ለእስያውያን ፊቶች ከነጮቹ ይልቅ በብዙ የፊት መለያ አልጎሪዝሞች (የስሌት ዘዴዎች) ከ10 እስከ 100 እጥፍ ከፍ ይል ነበር። የተፈተኑት የቤት ፎቶ ፕሮግራሞች አልነበሩም፤ የአሠራሩ መሠረት ግን ተመሳሳይ ነው። ስለዚህ «ሁሉንም አረጋግጥ» የሚለውን አትጫኑ። አንድ ጊዜ የተሳሳተ ፊት ካጸደቃችሁ፣ ፕሮግራሙ ቀጣዩን ግምት የሚሠራው በዚያ ስህተት ላይ ነው።

«ስሙን እንዴትም ብጽፈው ያው ነው»

ለኛ ያው ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን አይደለም። ኃይሉ፣ ሀይሉ እና ሃይሉ ለእሱ ሦስት ሰዎች ናቸው። ፀሐይ እና ጸሀይም እንደዚሁ። እኔ የአንድን ዘመድ ፎቶዎች ግማሹን አጥቼ ስፈልግ፣ በሌላ «ሐ» ተቀምጠው አገኘኋቸው። አንድ አጻጻፍ ምረጡና እሱኑ ያዙ። ሙሉ ስም ጻፉ፤ በቤተሰብ ውስጥ ሁለት ሰላም መኖሯ አይቀርም።

ደግሞ አንዳንድ ፕሮግራሞች ስሙን እንደ ቁልፍ ቃል አድርገው አይፒቲሲ በሚባለው በቆየው የሜታዳታ አጻጻፍም ይጽፉታል። እዚያ አንድ ቁልፍ ቃል ከ64 ባይት አይበልጥም። ዩቲኤፍ 8 በሚባለው ኮምፒውተር ፊደላትን በሚያስቀምጥበት መንገድ አንድ የኛ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። 21 ፊደል ላይ አለቀ ማለት ነው። ኤክስኤምፒ ይህ ገደብ የለበትም።

«ፊቱ ካልታየ ታግ ማድረግ አይቻልም»

ይቻላል። አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ሳጥኑን በማውዝ እንድትስሉ ይፈቅዳሉ። ጀርባዋን ሰጥታ የቆመችውን እናታችሁን እናንተ ታውቋታላችሁ። በተቃራኒው ከኋላ የሚያልፈውን መንገደኛ ሁሉ መሰየም የለባችሁም፤ «ችላ በል» የሚል ምርጫ አለ።

«ስሞቹ እኔ ጋ ብቻ ይቀራሉ»

ስሙ ፋይሉ ውስጥ ከገባ፣ ፋይሉን የተቀበለ ሰውም ያነበዋል። ብዙ የመልእክት አፖች ፎቶን እንደ ፎቶ ስትልኩ ሜታዳታውን ያጠፉታል፤ እንደ ዶክመንት ስትልኩ ግን እንዳለ ይሄዳል። በተለይ የልጆች ስም ሲሆን ከመላካችሁ በፊት አስቡበት። ላይትሩም ክላሲክ ኤክስፖርት ሲያደርግ የሰዎችን መረጃ አውጥቶ እንዲተው ማዘዝ ይቻላል።

«ስሙን ካላወቅኩ ባዶ እተወዋለሁ»

ባዶ አትተዉት፤ ቁጥር ስጡት። እኔ የድሮ ፎቶዎችን ስካን ሳደርግ የማላውቃቸውን «ማን ናቸው 1»፣ «ማን ናቸው 2» እያልኩ 11 ደረስኩ። የእናቴ ታላቅ እህት ሊጠይቁን የመጡ ቀን ላፕቶፑን አጠገባቸው አድርጌ አንድ በአንድ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ስክሪኑን ቀረብ ብለው አዩት። ሰባቱን ነገሩኝ። 3 እና 8 ያልኳቸው አንዲት ሴት ነበሩ፤ አንዱ ከማግባታቸው በፊት፣ ሌላው ብዙ ቆይቶ የተነሳ። ፕሮግራሙም እኔም ሁለት ሰው ብለናቸው ነበር። እዚያው እየነገሩኝ ጻፍኩ፣ ፋይሎቹም ላይ መግባቱን አየሁ። አራት ቀርተዋል። ለእነሱ ደግሞ የአባቴን አጎት እጠይቃለሁ።