ባየርንሊጋ፦ ከቦታው ሳይነቃነቅ የወረደው ሊግ

ባየርን ሲባል እኛ ዘንድ አብዛኛው ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ባየርን ሙኒክ ነው። ባየርን ግን መጀመሪያ የክልል ስም ነው። በደቡብ ምሥራቅ ጀርመን ያለ ሰፊ ክልል ሲሆን ዋና ከተማው ሙኒክ ነው። ክልሉ የራሱ የአማተር ሊግ አለው፤ ባየርንሊጋ ይሉታል። የሚያስቀው ነገር፣ የክልሉን ስም በዓለም ያስጠራው ክለብ ዋና ቡድኑ በዚህ ሊግ አንድም ጊዜ ተጫውቶ አያውቅም። የተጫወተው ሁለተኛ ቡድኑ ነው።

ሊጉ የተጀመረው በ1945 ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጦርነቱ ገና ማብቃቱ ነበር፤ ባየርንም በአሜሪካ ጦር ሥር ነበረች። በደቡብ ጀርመን ትልቁ ውድድር ኦበርሊጋ ዙድ ይባል ነበር። የባየርን ሊግ ደግሞ ከእሱ ቀጥሎ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ያኔ ስሙ ላንደስሊጋ ባየርን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ታሪክ እንደ ፎቅ ግንባታ ማየት ይቻላል። ሊጉ ከቦታው አልተነቃነቀም፤ በየጊዜው ከላዩ ፎቅ ተጨመረበት እንጂ። በ1950 ሁለተኛ ኦበርሊጋ ሲመጣ ባየርንሊጋ ሦስተኛ ሆነ። በ1963 ቡንደስሊጋ ሲቋቋም ከሥሩ ሬጊዮናልሊጋ መጣ፣ በ1974 ደግሞ በሬጊዮናልሊጋው ቦታ ሁለተኛው ቡንደስሊጋ ገባ። ባየርንሊጋ በእነዚህ ሁሉ ለውጦች መሃል ሦስተኛ ሆኖ ቆየ። በ1994 ሬጊዮናልሊጋ እንደገና ተመልሶ መሃል ሲገባ ወደ አራተኛ ወረደ። በ2008 ሦስተኛ ሊጋ ሲፈጠር አምስተኛ ሆነ። አምስተኛ እንደሆነ እስካሁን አለ።

ስሙም አብሮ ሲቀያየር ኖሯል። አማተርሊጋ ባየርን ተባለ፣ ከ1978 ጀምሮ አማተር ኦበርሊጋ ሆነ፣ በ1994 «አማተር» የሚለው ወልቆ ኦበርሊጋ ባየርን ቀረ። ሕዝቡ ግን መዝገብ ላይ የተጻፈውን ትቶ ባየርንሊጋ እያለ ኖረ። በመጨረሻ ያሸነፈው የሕዝቡ ስም ነው፤ ዛሬ መደበኛ መጠሪያው እሱ ነው።

ሊጉ ከሁሉም በላይ የደመቀው በ1980ዎቹ ነው። ያደመቀው ደግሞ የሌላ ሰው ውድቀት ነው። 1860 ሙኒክ በ1966 የቡንደስሊጋ ሻምፒዮን የነበረ ክለብ ነው። በ1981/82 በሁለተኛው ቡንደስሊጋ ሲጫወት ሩዲ ፎለር የሚባል ወጣት አጥቂ 37 ጎል አገባለት። ቡድኑም አራተኛ ሆኖ ጨረሰ። ሜዳ ላይ ምንም ችግር አልነበረበትም። ችግሩ ካዝናው ላይ ነበር፤ የጀርመን ፌዴሬሽን ፈቃዱን ነጠቀው። ቡድኑ በቀጥታ ወደ ባየርንሊጋ ወረደ። ፎለር ወደ ቬርደር ብሬመን ሄደ፣ በ1990ም የዓለም ዋንጫ አነሳ። የቀድሞ ክለቡ ያን ጊዜም ባየርንሊጋ ውስጥ ነበር።

1860 ተመልሶ ለመውጣት ዘጠኝ ዓመት ፈጀበት። የ1860 ደጋፊ ግን አልሸሸም፤ ወደ ግሩንቫልደር ስታዲየም መምጣቱን ቀጠለ። ለአማተር ሊግ ይህ ትልቅ ሲሳይ ነበር። የትንሽ ከተማ ክለቦች የሙኒክን ትልቅ ክለብ በሜዳቸው አስተናገዱ፤ የትኬት ገቢያቸውም ያን ቀን ሞቅ ይላል። 1860 ከባየርን ሙኒክ ጋርም ደርቢ ነበረው፤ ግን ከሁለተኛ ቡድኑ ጋር ነው። ለኩሩ ደጋፊ ይህ እንዴት እንደሚመር መገመት አያቅትም። በ1984 ሻምፒዮን ሆኖ በማለፊያው ዙር ተሰናከለ። ያኔ አንደኛ መውጣት ብቻ አይበቃም ነበር፤ ከሌሎች ክልሎች ሻምፒዮኖች ጋር እንደገና መፋለም ነበረበት። በ1991 በአሠልጣኝ ካርስተን ቬትበርግ መሪነት በመጨረሻ ወጣ። በዓመቱ ተመልሶ ወረደ፣ በ1993 እንደገና ወጣ፣ በ1994 ቡንደስሊጋ ገባ። ልብ የሚያደርቅ ክለብ ነው።

ፉርትም ከዚያው ገበታ ቀምሷል። የሦስት ጊዜ የጀርመን ሻምፒዮን የነበረው ክለብ በ1983 ባየርንሊጋ ገባ። በ1987 ደግሞ ከእሱም በታች ወዳለው ላንደስሊጋ ወረደ (ስሙ የባየርንሊጋን የድሮ ስም ቢመስልም ሌላ ሊግ ነው)። ነፍስ የዘራው ከመንደር ክለብ ጋር ነው። ፌስተንበርግስግሮይት በሰሜን ባየርን፣ ፍራንከን በሚባለው አካባቢ ያለች፣ ነዋሪዋ ከ2,000 የማይበልጥ መንደር ናት፤ የምትታወቀው በእፅዋት ሻይ ነው። ቡድኗ በባየርንሊጋ አድጎ፣ ሬጊዮናልሊጋ በገባበት ሰሞን፣ ነሐሴ 1994 በጀርመን ዋንጫ አሠልጣኝ ትራፓቶኒ የሚመራውን ባየርን ሙኒክ 1 ለ 0 አሸነፈ። ጎሉን በግንባሩ ያስቆጠረው ሮላንድ ሽታይን ነው። ይህ ውጤት እስከ ዛሬ በጀርመን ሲነሳ ይኖራል። በ1996 ቡድኑ ከፉርት ጋር ተዋሐደና ግሮይተር ፉርት ሆነ፤ በ2012 ቡንደስሊጋ ደረሰ።

የሙኒክ ጎረቤት የሆነው ኡንተርሃኺንግም የዚሁ ሊግ ልጅ ነው። በ1989 ከባየርንሊጋ ወደ ሁለተኛው ቡንደስሊጋ ወጣ። ግንቦት 2000 በቡንደስሊጋው የመጨረሻ ቀን ሌቨርኩሰንን 2 ለ 0 ረታ። ሌቨርኩሰን ለዋንጫው አቻ ብቻ ይበቃው ነበር። የመጀመሪያውን ጎል ሚካኤል ባላክ በራሱ መረብ ላይ አገባ፤ ዋንጫው ወደ ባየርን ሙኒክ ሄደ። አውግስበርግ ደግሞ በ2000 ፈቃድ ተከልክሎ እዚህ ወድቆ ነበር፤ በ2002 ተነሣ፣ በ2011 ቡንደስሊጋ ገባ። በ2004 የተመሠረተው ኢንጎልሽታትም በዚህ ሊግ ጀምሮ በ2015 እዚያው ደረሰ።

የቱርክ ስደተኞች በ1975 በሙኒክ የመሠረቱት ቱርክጉቹ ታሪኩ ለብቻው ይታያል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ባየርንሊጋ ደርሶ ነበር። የመጀመሪያው ክለብ ፈረሰ፣ ስሙን ይዞ የተተካው በ2019 የባየርንሊጋን የደቡብ ምድብ አሸነፈ። በ2020 ሦስተኛ ሊጋ ሲገባ፣ ስደተኞች ከመሠረቷቸው ክለቦች እዚያ የደረሰ የመጀመሪያው ሆነ። በ2022 ግን ገንዘቡ አልቆበት በውድድሩ አጋማሽ አቋረጠ። ቶሎ መሮጥ ቶሎ ያደክማል።

ዛሬ ባየርንሊጋ ሰሜንና ደቡብ ተብሎ ሁለት ምድብ ነው። ከ1953 እስከ 1963ም እንዲሁ ነበር፤ በ2012 ሬጊዮናልሊጋ ባየርን ሲቋቋም ወደ ድሮው ተመለሰ። የምድቦቹ አሸናፊዎች በቀጥታ ያልፋሉ። ሁለተኛ የወጡት የማጣሪያ ጨዋታ አለባቸው። ላይኛው ሊግ ስለ ስታዲየምና ስለ ገንዘብ የሚያስቀምጠው መስፈርት ጠንካራ ስለሆነ፣ አሸንፎም «አልወጣም» የሚል ክለብ ይገኛል። ከሥር አምስት የላንደስሊጋ ምድቦች አሉ፣ ከዚያም እስከ ታችኛው የሰፈር ሊግ ይዘልቃል። ሁሉን የሚመራው የባየርን ፌዴሬሽን ከ21ዱ የጀርመን የክልል ማኅበራት ትልቁ ነው።

ይኸው ፌዴሬሽን በኮሮና ጊዜ ሌላው ያላደረገውን አደረገ። የ2019/20ን ውድድር ሌሎቹ ክልሎች ሲሰርዙ ወይም በነበረበት ሲዘጉ፣ እሱ ክለቦቹን አማክሮ ለቀጣዩ ዓመት አሻገረው። ስለዚህ በባየርን የ2020/21 ውድድር የሚባል ነገር የለም። ያው ውድድር በ2021 ጸደይ ቀሪ ጨዋታዎቹ ሳይደረጉ ተዘጋ፤ ደረጃውም በተጫወቱት ጨዋታ አማካይ ነጥብ ተሠራ።