የብዙኃን ማስረጃ ምንድን ነው?

የብዙኃን ማስረጃ ማለት አንድ ነገር እውነት፣ ጥሩ ወይም ተገቢ መሆኑን ለማሳመን፣ ብዙ ሰዎች እንደተቀበሉት፣ እንደገዙት ወይም እንዳደረጉት በማሳየት የሚቀርብ ማሳመኛ ነው። «ሺዎች የመረጡት»፣ «በብዛት የተሸጠ»፣ «ይህን የማያውቅ ሰው የለም» የሚሉት አነጋገሮች ሁሉ የዚህ ስልት ልዩ ልዩ መልኮች ናቸው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ሮበርት ቻልዲኒ እ.ኤ.አ. በ1984 ሰዎችን ለማሳመን ከሚያገለግሉ ስድስት መርሆች አንዱ አድርገው ስለዘረዘሩት፣ ዛሬ በገበያ ጥናትና በማስታወቂያ ሥራ በስፋት ይታወቃል።

ስልቱ ያለውን ኃይል የሥነ ልቦና ተመራማሪው ስታንሊ ሚልግራምና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1969 ያሳተሙት የኒው ዮርክ ሙከራ በግልጽ ያሳያል። ተመራማሪዎቹ ተባባሪዎቻቸውን ሰው በሚበዛበት የእግረኛ መንገድ ላይ አቁመው፣ ከማዶ ወዳለ ሕንፃ ስድስተኛ ፎቅ መስኮት ቀና ብለው እንዲመለከቱ አደረጉ። አንድ ሰው ብቻ ቆሞ ሲመለከት ከአላፊ አግዳሚው 4 በመቶው አብሮት ቆመ፤ 15 ሰዎች ሲመለከቱ ግን 40 በመቶው ቆመ፣ ቀና ብሎ ያየው ሰው ደግሞ 86 በመቶ ደረሰ። በአዲስ አበባ መንገድ ዳር ሰልባጅ ልብስ ዘርግቶ የሚሸጥ ነጋዴ ይህን አሳምሮ ያውቀዋል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሰዎች ጎንበስ ብለው ሸሚዝ ማገላበጥ እስኪጀምሩ ድረስ ድምፁ እስኪሰልል ይጣራል፣ ከዚያ በኋላ ግን የተሰበሰበው ሰው ራሱ ሌላውን ሰው ይጠራለታል።

ብዙዎችን መከተል ሁልጊዜ ስሕተት ነው ማለት አይደለም። በማያውቀው ከተማ ምሳ የሚፈልግ መንገደኛ የጭነት መኪኖች ተደርድረው የቆሙበትን ምግብ ቤት ቢመርጥ አስተዋይነት ነው፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ሹፌር በዚያ መንገድ ደጋግሞ ተመላልሷል፣ እዚያ ቤት በልቶ ጤናውንና ኪሱን ፈትኗል፣ የተመለሰውም ወድዶት ነው። እንዲህ ያለው ብዛት እውነተኛ ማስረጃ የሚሆነው እያንዳንዱ ሰው በራሱ ፈትኖ፣ በራሱ ፈርዶ የደረሰበት ስለሆነ ነው። ሰዎቹ እርስ በርስ በመተያየት ብቻ የተሰበሰቡ ከሆነ ግን መቶ ሰው ቢቆጠርም ያለው ፍርድ የመጀመሪያዎቹ የጥቂቶቹ ብቻ ነው። የብዙኃን ማስረጃን እንደ ማሳመኛ የሚጠቀም ሰው ቁጥሩን አጉልቶ ያሳያል፣ ቁጥሩ እንዴት እንደተገኘ ግን አይናገርም፤ በእኔ እምነት የስልቱ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ይህንን ልዩነት እ.ኤ.አ. በ2006 ማቲው ሳልጋኒክ፣ ፒተር ዶድስና ደንከን ዋትስ ያቀረቡት ጥናት በጥንቃቄ ለይቶታል። ከ14 ሺሕ በላይ ተሳታፊዎች 48 የማይታወቁ ዘፈኖችን በኢንተርኔት እየሰሙ የወደዱትን እንዲያወርዱ ተደረገ። ከፊሎቹ ሌሎች ምን እንደመረጡ ሳያዩ መረጡ፤ የቀሩት ደግሞ ስምንት ቦታ ተከፍለው፣ በየቡድናቸው እያንዳንዱ ዘፈን ስንት ጊዜ እንደወረደ እያዩ መረጡ። ሌሎችን ሳያዩ በመረጡት ሰዎች ፍርድ 26ኛ የወጣ አንድ ዘፈን፣ ቁጥሩን ከሚያዩት ቡድኖች በአንዱ 1ኛ፣ በሌላው ደግሞ 40ኛ ሆነ። ዘፈኑ ያው ነው፤ ደረጃውን እንዲህ ያራራቀው ቀድመው የመጡት ሰዎች ምርጫ በኋላ የመጡትን መጎተቱ ነው። «በብዛት የተሸጠ» የሚል ጽሑፍ ስለ ዕቃው ጥራት የሚነግረን ከሚመስለን እጅግ ያነሰ መሆኑ ከዚህ ይታያል።

ጅማሬው ይህን ያህል የሚወስን ከሆነ ደግሞ ጅማሬውን በገንዘብ መግዛት ያዋጣል። በፓሪስ እ.ኤ.አ. በ1820 ለቲያትር ቤቶች አጨብጫቢ የሚያቀርብ ድርጅት ተከፍቶ ነበር፤ ከቅጥረኞቹ መካከል በተፈለገው ቦታ የሚስቁ፣ የሚያለቅሱና «ይደገም!» ብለው የሚጮኹ ነበሩ። የዛሬው አጨብጫቢ በስልክ ውስጥ ይገኛል። በቴሌግራም «በቀን ይህን ያህል ትርፍ» እያሉ ገንዘብ የሚሰበስቡ ቡድኖችን ቀረብ ብሎ ለተመለከተ ሰው አሠራሩ አንድ ዓይነት ነው፦ የአባላቱ ቁጥር ከላይ በአሥር ሺዎች ይነበባል፣ አንድ ሰው የባንክ ዝውውር ስክሪንሾት ይለጥፋል፣ ወዲያው ሌሎች «ለእኔም ገብቶልኛል፣ ተባረኩ» ይላሉ፣ ጥርጣሬውን የጻፈ ሰው መልእክት ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ይጠፋል። አባላት በገንዘብ ይገዛሉ፤ ስክሪንሾትም በቀላሉ ይቀነባበራል። ተጠራጣሪዎቹ በተሰረዙበት ቦታ የሚታየው አንድ ድምፅ የስምምነት ማስረጃ ሊሆን አይችልም። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በበኩሉ የሐሰት የደንበኛ አስተያየት መሸጥንና መግዛትን የሚከለክል ደንብ አውጥቶ ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ አውሏል።

ከሁሉም የከፋው የፒራሚድ ሽያጭ ነው። በዚያ ሰው የሚያመጣው ሌላ ሰው ራሱ የትርፉ ምንጭ ስለሆነ፣ «እገሌ እንኳ ገብቷል» የሚለው ቃል ማሳመኛም ሸቀጥም ይሆናል፤ ቀድመው የገቡት በእርግጥ ገንዘብ ማግኘታቸው ደግሞ ምስክርነታቸውን እውነተኛ ያስመስለዋል፣ ያገኙት ኋላ ከገቡት ኪስ ቢሆንም። በአገራችን የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ይህን ዓይነት ሽያጭ ከልክሏል።

በዕለት ተዕለት ክርክር ስልቱ የሚመጣው በሌላ ልብስ ነው። ተከራካሪው «አገር ያወቀው፣ ፀሐይ የሞቀው ጉዳይ ነው» ሲል ማስረጃ የማቅረቡን ሸክም ከራሱ ላይ አውርዶ በጠያቂው ላይ ይጭናል፤ ከዚያ በኋላ «በምን አወቅህ?» ብሎ መጠየቅ ራስን ከአገር መለየት ይመስላል። እዚህ ላይ የሚሠራው የብዙዎች ዕውቀት ብቻ አይደለም፤ ይሉኝታም አለበት። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሰለሞን አሽ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ባካሄዷቸው ሙከራዎች ተሳታፊዎች የመስመሮችን ርዝመት እንዲያነጻጽሩ ተጠየቁ፤ መልሱ ለዓይን ግልጽ ነበር፣ ነገር ግን ቀድመው የሚመልሱት የአሽ ተባባሪዎች ሆን ብለው በአንድ ድምፅ የተሳሳተ መልስ ሰጡ። እንዲህ በተደረገባቸው ዙሮች ከተሳታፊዎቹ መልሶች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ስሕተቱን የተከተሉ ነበሩ። ኋላ ሲጠየቁ አንዳንዶቹ ዓይናቸውን እንደተጠራጠሩ፣ ሌሎቹ ግን ስሕተቱን እያወቁ ከሰው ላለመለየት እንደተስማሙ ተናገሩ።

ይህን ስልት የሚጠቀመው ማስታወቂያ ብቻ አይደለም፤ በጎ ዓላማ ያለው መልእክትም ሳያውቅ ይጠቀምበትና ዓላማውን ይስታል። በአሪዞና ወደ ድንጋይነት የተለወጡ ጥንታዊ ዛፎች በሚገኙበት ብሔራዊ ፓርክ፣ ቻልዲኒና ባልደረቦቻቸው ምልክት ያደረጉባቸውን ስብርባሪዎች በጎብኚዎች መንገድ ላይ አስቀመጡ። «ብዙ ጎብኚዎች እየወሰዱ ፓርኩን ጎድተውታል» የሚል ሰሌዳ ሲቆም ወደ 8 በመቶ የሚጠጋው ተወሰደ፤ ሰሌዳው እንዳይወስዱ ብቻ ሲጠይቅ ግን የተወሰደው ከ2 በመቶ በታች ነበር። «ሁሉም ሰው ቆሻሻ መንገድ ላይ ይጥላል» እያለ የሚወቅስ መልእክትም እንዲሁ ሳያስበው መጣሉ የተለመደ መሆኑን ያስተምራል።

የአሽ ሙከራ ለመከላከያም ፍንጭ ይሰጣል። ከተባባሪዎቹ አንዱ ብቻ ትክክለኛውን መልስ እንዲናገር ሲደረግ ተሳታፊዎች ስሕተቱን መከተላቸው በእጅጉ ቀነሰ፤ መልሳቸውን ጮክ ብለው ከመናገር ይልቅ በወረቀት እንዲጽፉ ሲደረግም እንዲሁ ቀነሰ። ስለዚህ በዕድር ስብሰባም ሆነ በመሥሪያ ቤት ትክክለኛውን የሰው ሐሳብ ማወቅ የሚፈልግ ሰብሳቢ፣ እጅ ከማስወጣቱና ሽማግሌዎቹ ወይም ኃላፊው ከመናገራቸው በፊት እያንዳንዱ አባል ሐሳቡን ለብቻው ጽፎ እንዲያስረክብ ማድረግ ይችላል።