ሜሮን የነካው ዕቃ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

«ቅድስናማ ለመነኮሳት ነው፤ እኛ በዓለም ያለን ሰዎች ምን አቅም አለን?» ይህን ብሎ የማያውቅ ምእመን ያለ አይመስለኝም። እኔም ብዬዋለሁ። ሲሉት ትሕትና ይመስላል። እያደር ሳስበው ግን በአርባ ወይም በሰማንያ ቀናችን የተደረገልንን ከመርሳት የመጣ አነጋገር ሆኖ አገኘሁት።

ካህኑ ሕፃኑን በቅድስት ሥላሴ ስም ሦስት ጊዜ ውኃ ውስጥ አጥልቆ ካጠመቀው በኋላ ከግንባሩ ጀምሮ በ36 የሰውነት ክፍሎቹ ላይ ሜሮን የተባለውን የተባረከ ዘይት ይቀባዋል። ያው ሜሮን ነው ታቦቱ የሚከብርበት። ጽዋው ሜሮን ከነካው በኋላ ንዋየ ቅድሳት፣ ማለትም ለእግዚአብሔር አገልግሎት የተለየ ዕቃ ነው፤ አንድ ሰው ቤቱ ወስዶ ውኃ ሲጠጣበት ቢታይ ደብሩ በሙሉ ይደነግጣል። መቀደስ ማለት መጀመሪያ ይኸው ነው፤ ከተራው አገልግሎት ተለይቶ የእግዚአብሔር መሆን። ሙሴም በኦሪት ዘጸአት 30 እንደ ታዘዘው ድንኳኑን፣ ገበታውን፣ መቅረዙን ዘይት ቀባ፤ ከዚያ ወዲያ ለሌላ ሥራ አልዋሉም። ለጽዋው የምንደነግጠውን ያህል ግን ሜሮን ለነካው ዓይናችን፣ ለጆሯችን፣ ለእጃችን አንደነግጥም። ይህ ሁልጊዜ ያስጨንቀኛል።

የባቢሎን ንጉሥ ብልጣሶር ያደረገውን አስቡ። አያሌ መኳንንቱን ጠርቶ ሲጠጣ፣ ከኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ የተማረኩትን ዕቃዎች አስመጣና ወይን ጠጣባቸው። ግድግዳው ላይ የምትጽፍ እጅ የታየችው በዚያ ሰዓት ነው። ዕቃዎቹ ከተማረኩ ብዙ ዓመት አልፏቸዋል፤ ባቢሎን ውስጥ የሚያከብራቸው የለም፤ የተሠሩለት ቤትም ፈርሷል። እግዚአብሔር ግን «የእኔ ናቸው» ማለቱን አልተወም። ክርስቲያን ሲበድል የሚሆነው ይህ ነው፤ ለመሥዋዕት የተለየው ዕቃ በብልጣሶር ገበታ ላይ ይቀመጣል።

ታሪኩ እዚያ ቢያበቃ ተስፋ በቆረጥን ነበር። መጽሐፈ ዕዝራ ምዕራፍ 1ን ሳነብ ሁልጊዜ የምቆመው ቁጥሮቹ ላይ ነው። የፋርስ ንጉሥ ቂሮስ ዕቃዎቹን ሲመልስ በቁጥር ነው ያስረከበው፤ የብር ሳሕኑ ይህን ያህል፣ ቢላዋው 29፣ ጠቅላላው 5,400። ብዙዎቻችን ስንደርስበት የምንዘለው ዝርዝር ነው፤ ለእኔ ግን ከወንጌል የማይተናነስ ምሥራች አለው። በባዕድ ግምጃ ቤት የሰነበተች አንዲት ቢላዋ እንኳ ከእግዚአብሔር ቁጥር አልወጣችም።

ይህን በእኛው ዘመን በዓይናችን አይተናል። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ከተዘረፉት ታቦታት አንዱ በስኮትላንድ፣ በኤድንብራ ከተማ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ ተገኝቶ በ1994 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመለሰ። 134 ዓመት ዕጣን ሳይታጠንለት፣ የሚሰግድለት ሳይኖር ቆይቷል። አዲስ አበባ ሲደርስ ግን ሕዝቡ ታቦትነቱን አልተጠራጠረም፤ በእልልታና በስግደት ተቀበለው።

ቤተ ክርስቲያን የጠፋ ልጇንም የምትቀበለው እንዲሁ ነው። ሃይማኖቱን ክዶ የተመለሰ ሰው መጽሐፈ ቄድር የተባለው የንስሐ ጸሎት ይጸለይለታል እንጂ ዳግመኛ አይጠመቅም። በጸሎተ ሃይማኖት «በአንዲት ጥምቀት እናምናለን» የምንለው ለዚህ ነው። በጥምቀት ያገኘው የእግዚአብሔር ልጅነት አልተፋቀም፤ የቆሸሸውን ንስሐ ያጥበዋል። «ብዙ በድያለሁና ከእንግዲህ ለእኔ ቅድስና የለም» ብለህ ከንስሐ አባትህ የራቅህ ወንድሜ፣ የራቅሽ እኅቴ፣ ይህን ስጽፍ እናንተን እያሰብኩ ነው።

ታዲያ የእግዚአብሔር ከሆንን በኋላ ኑሮው ምን ይመስላል? በዚህ ላይ ከራሴ አንድ ነገር ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በዐቢይ ጾም፣ ጠዋት የኪዳን ጸሎት፣ ከሰዓት ቅዳሴ አላጓድልም ነበር። በዚያው ሰሞን የግቢዬን አጥር የጠገነልኝን የቀን ሠራተኛ «ነገ ና» እያልኩ አምስት ቀን አመላለስኩት። ብሩ ነበረኝ፤ ችላ ብዬ ነው። በአምስተኛው ቀን አንገቱን ደፍቶ «ጋሼ፣ እርስዎ ወደው ነው የጾሙት፤ የእኔ ልጆች ግን ሳይወዱ ጾሙ» አለኝ።

በዚያ ሌሊት ኦሪት ዘሌዋውያን 19ን ገለጥኩ። «እኔ እግዚአብሔር አምላካችሁ ቅዱስ ነኝና እናንተ ቅዱሳን ሁኑ» ብሎ ይጀምራል። ቀጥሎ ካለው ብዙው ስለ እርሻ፣ ስለ ገበያና ስለ ባልንጀራ ነው። ስታጭድ የእርሻህን ዳር ለድሃና ለመጻተኛ ተው። የሠራተኛህ ዋጋ አንተ ዘንድ አይደር። ደንቆሮውን አትስደብ፤ በዕውር ፊት ዕንቅፋት አታኑር። ለሽበታም ተነሥ። ሚዛንህ እውነተኛ ይሁን። የሠራተኛው ዋጋ እኔ ዘንድ አምስት ሌሊት አድሯል።

ጾሙንና ስግደቱን አቃልዬ አይደለም። ጾሙ ባይኖር ኖሮ የዚያ ሰው ቃል እንዲህ ባልወጋኝ ነበር፤ ልብን የሚያለሰልሰው እርሱ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ የቆሮንቶስን ሰዎች «የተቀደሱት» ካለ በኋላ እዚያው ላይ «ቅዱሳን ለመሆን የተጠሩት» ይላቸዋል፤ በመካከላቸው ጠብና ክስ እያለ። ጸጋው ተሰጥቶናል፤ ተጋድሎው ደግሞ ዕድሜ ልክ ነው። በጎውን መፈለግንም ማድረግንም በእኛ የሚሠራ እግዚአብሔር ስለሆነ፣ ዕድሜ ልክ ነው ስንባል አንፈራም።

በቅዳሴ ከቁርባኑ አስቀድሞ ካህኑ «ቅድሳት ለቅዱሳን» ይላል። ቅዱሱ ነገር ለቅዱሳን ነው ማለቱ ነው። ያን ጊዜ ጉልበቴ ይከዳኛል፤ የሳምንቱ ሥራዬ በፊቴ ይደቀናል። ሕዝቡ ግን ስለ ራሱ አይመልስም። «አሐዱ አብ ቅዱስ፣ አሐዱ ወልድ ቅዱስ፣ አሐዱ ውእቱ መንፈስ ቅዱስ» ይላል፤ ቅዱሱ አንዱ አብ፣ አንዱ ወልድ፣ አንዱ መንፈስ ቅዱስ ነው ማለቱ ነው። ከዚያ ንስሐ የገባን፣ ነጠላችንን አጣፍተን፣ በሜሮን የታተመውን አፋችንን ከፍተን እንቀርባለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።