ፓራሶሻል ግንኙነት ምንድን ነው?

አንዱ ሌላውን አብጠርጥሮ እያወቀ፣ ያኛው ግን የዚህን ሰው መኖር እንኳ የማያውቅበት ቅርበት ነው። በአንድ እጅ አይጨበጨብም ይባላል፤ እዚህ ግን ይጨበጨባል፣ ድምፁም የሁለት እጅ ይመስላል።

ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1956 ያወጡት ዶናልድ ሆርተንና ሪቻርድ ዎል ናቸው። ያኔ የሚያጠኑት ሬዲዮና ቴሌቪዥንን ነበር። ከምሳሌዎቻቸው አንዷ፣ አንድ ወንድ ብቻ የሚሰማት ይመስል በአሜሪካ ሬዲዮ በፍቅር ቃል የምታወራ ሴት ናት፤ በሺህ የሚቆጠር የጋብቻ ጥያቄ በፖስታ ጎርፎላታል።

የኮሪያ ፖፕ ይህንኑ ዛሬ በወር ክፍያ ይሸጠዋል። በ2020 የወጣውን ባብል የተባለ መተግበሪያ ብንወስድ፣ ሲወጣ ለአንድ ዘፋኝ በወር 4,500 የኮሪያ ዎን ገደማ ይከፈል ነበር። ተመዝጋቢው መጠሪያውን ይሞላል። ዘፋኟ አንድ መልእክት ጽፋ ለሁሉም በአንዴ ትልካለች፤ ስም የሚገባበት ቦታ ላይ ምልክት ታስቀምጣለች፣ መተግበሪያው በየስልኩ የየሰውን ስም ይተካበታል። ስልክሽ ላይ ሲደርስ «ሄለን፣ እራት በላሽ?» ይላል። የሁለታችሁ ቻት ነው የሚመስለው። ለአንድ መልእክት እስከ ሦስት መልስ ይፈቀዳል፤ አዲስ ደንበኛ እስከ 30 ፊደል በሚደርስ መልስ ይጀምርና ደንበኝነቱ በረዘመ ቁጥር ይጨመርለታል። ክፍያ ካቋረጠ ግን የቀን ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። ለመውጣት የሚከብደውም በዚህ ነው፤ ከአንዳንድ ዘፈን ይልቅ ይሄ ስሌት ተለፍቶበታል።

በዘፋኟ በኩል ሲታይ ደግሞ ስክሪኑ የመልስ ጎርፍ ነው። አንዱን ልታነብ ስትል ሌላው ይደርብበታል። እራት በላሽ ወይ ብላ የጠየቀችው ራሷ ናት፤ ማን እንደበላ ማን ጦሙን እንዳደረ ግን አታውቅም። ድካሟን፣ ምሳዋን፣ የአልጋዋን ፎቶ ሳይቀር ትልካለች፤ የሚወደደው ግን ስሙን መተግበሪያው የሞላለት ያ መልእክት ነው። ጥቂት ቀን ዝም ካለች ደግሞ የከፈልኩበትን አላገኘሁም የሚል ቅሬታ ይመጣል።

ነገሩ የሚበላሸው ፍቅሩ እንደ ዕዳ ሲቆጠር ነው። አድናቂው የዘፋኟን ፊርማ ከእጇ ለመቀበል ዕጣ ውስጥ የሚገባው አልበም በመግዛት ስለሆነ፣ ተመሳሳዩን ሲዲ በብዛት ይገዛል። ያወጣውን ገንዘብ ያውቀዋል። በፌብሩዋሪ 2024 መጨረሻ ኤስፓ የተባለው የኮሪያ ሴቶች ቡድን ዘፋኝ ካሪና ከአንድ ተዋናይ ጋር ፍቅር መጀመሯ ተሰማ፣ ድርጅቷም አረጋገጠ። የተቆጡ አድናቂዎች ስክሪን የተገጠመለት መኪና ከድርጅቱ ሕንጻ ፊት አቆሙ፦ የእኛ ፍቅር አልበቃሽም ወይ፣ ይቅርታ ካልጠየቅሽ የአልበም ሽያጭሽ ይወርዳል የሚል ነበር። ማርች 5 በእጇ የጻፈችውን የይቅርታ ደብዳቤ ኢንስታግራም ላይ አወጣች። በኤፕሪል መጀመሪያ መለያየታቸው ተዘገበ። ጥፋቷ ሰው መውደዷ ነው፤ ሌላ የለም።

ሁሉም እንዲህ አይገብርም። አሜሪካዊቷ ዘፋኝ ቻፔል ሮን በኦገስት 2024፣ መድረክና ቃለ መጠይቅ ላይ ሥራ ላይ ነኝ፣ ከዚያ ውጭ ግን ከሥራ ወጥቻለሁ የሚል መልእክት ለአድናቂዎቿ ጻፈች። የባንክ ገንዘብ ያዥ ቢሆን ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም ነበር።

በአማርኛ ቲክቶክ ላይቭ ላይም ያው ነው። ስጦታ ሲላክ አቅራቢው የላኪውን ስም ጠርቶ ያመሰግናል፤ የተጠራው ሰው ስልኩን ይዞ ብቻውን ፈገግ ይላል፣ አቅራቢው ደግሞ ወደሚቀጥለው ስም አልፏል።