ቦተም ብራኬት ምንድን ነው?

አሮጌ ብስክሌት ፔዳሉ በተረገጠ ቁጥር «ቀጭ፣ ቀጭ» ማለት ሲጀምር ብዙ ሰው ካቴናውን ዘይት ይቀባል። ድምፁ ግን አይጠፋም። የአንዱን ፔዳል ክንድ ያዙና ወደ ፍሬሙ ገፋ፣ ወደ ራሳችሁ ሳብ አድርጉት። ሌላኛው ክንድም አብሮ ከተነቃነቀ ነገሩ ያለው ቦተም ብራኬቱ ጋ ነው።

ቦተም ብራኬት ሁለቱን የፔዳል ክንዶች የሚያገናኘው ዘንግ ከነኩሽኔታው ነው። የሚቀመጠው ፍሬሙ ግርጌ ባለችው አጭር ቱቦ ውስጥ ነው። እንደ ፎኒክስ ባሉ የድሮ ብስክሌቶች ላይ ታሽጎ የሚመጣ ዕቃ አይደለም። ግራና ቀኝ እንደ ብሎን ጥርስ ያላቸው ሁለት የብረት ዋንጫዎች አሉ፤ በዋንጫውና በዘንጉ መካከል ድቡልቡል ብረቶች ይንከባለላሉ። የኩሽኔታ ጋሪ ሠርቶ ያደገ ሰው ያውቃቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ ውፍረታቸው 6.35 ሚሊሜትር ነው፤ ያለ ማቀፊያ ሲደረደሩ በየጎኑ 11 ይገባሉ። ሁሉም ይፈታል፣ ይታጠባል፣ ተመልሶ ይገጠማል። ለዚህ ነው የምወደው።

ብዙ ዕቃ የሚበላሸው የቀኙ ዋንጫ ሲፈታ ነው። በእንግሊዝ ደረጃ በተሠሩት ላይ የቀኙ ጥርስ ግልባጭ ነው፤ የሚላላው ወደ ሰዓት አቅጣጫ ሲዞር ነው። ምክንያት አለው። ድቡልቡሎቹ ጭነት ተሸክመው ሲንከባለሉ ዋንጫውን ዘንጉ ከሚዞርበት በተቃራኒ ቀስ እያሉ ይገፉታል። ጥርሱ እንደ ማንኛውም ብሎን ቢሆን እየነዳን ይፈታብን ነበር። በብዙ የጣሊያን ሥሪቶች ላይ ግን ሁለቱም ጎን እንደ ተለመደው ነው። እኔ የቀኙን ባትነኩት እመርጣለሁ። በግራ ከፍቶ በጨርቅ ከውስጥ መጥረግ ይቻላል።

ክንዱን የያዘውን ሽብልቅ ስታወጡ ዳዶውን አላሉት እንጂ ጨርሳችሁ አታውጡት፤ መዶሻው ጥርሱን እንዳይጨፈልቀው። ከሥር ሳህን አድርጉ፤ ድቡልቡሎቹ ይበተናሉ። ዘንጉን በናፍጣ እጠቡትና ድቡልቡሎቹ የሚሄዱበትን መስመር በጥፍር ዳብሱት። ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካለ ዘንጉ አልቋል። ድቡልቡሎቹን ግን ሁልጊዜ በአዲስ ቀይሩ። ዋንጫውን ግሪስ ሙሉት፤ ሲገጠም ይዞ የሚያቆያቸው እሱ ነው።

ከባዱ ማስተካከሉ ነው። የግራውን ዋንጫ አጥብቁና ዘንጉን በሁለት ጣት አዙሩት። ከጎረበጠ ጠብቋል፤ ከተነቃነቀ ላልቷል። የግራውን ዋንጫ ከውጭ የሚቆልፈው ቀለበት ሲጠብቅ ዋንጫውን ይዞት ይዞራል፤ ስለዚህ ዋንጫውን በሌላ መፍቻ ያዙት። ሦስት አራት ጊዜ መመላለስ ያለ ነው።