«ፊቱ ካለፈ ኋላውም ያልፋል»፦ ስለ ባለ ስድስት ጎማ ፒካፕ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቴክሳስ ውስጥ ዳላስና ጋርላንድ አካባቢ የማውቃቸው በርካታ ልጆች ከታክሲና ከኡበር ወደ ጭነት ሥራ ሲገቡ የመጀመሪያ መኪናቸው ዱዋሊ ነበር። ዱዋሊ የምንለው ከኋላ በየጎኑ ሁለት ሁለት፣ በድምሩ ስድስት ጎማ ያለውን ትልቅ ፒካፕ ነው፤ ራም 3500፣ ፎርድ ኤፍ-350፣ ሲልቨራዶ 3500 እና የመሳሰሉትን። የሚገዛው ተሳቢ አስሮ መኪና ወይም ማሽን ለማመላለስ ነው። ጉዳቱ የሚደርሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ተሳቢው ከተፈታ በኋላ ነው። ሰውየው ልጁን ከትምህርት ቤት ሊያመጣ፣ ቡና ሊገዛ፣ ሊያስቀድስ ሲወጣ ነው ፓራፋንጎው የሚላጠው። እኔም አራት ዓመት ነድቼዋለሁ። በየጊዜው የምሰማቸውን፣ አንዳንዶቹንም ራሴ አምኜባቸው የነበሩትን እንዲህ አቅርቤያቸዋለሁ።

«ፊቱ ካለፈ ኋላውም ያልፋል»

ከሁሉም በላይ ብዙ ገንዘብ የሚያስከፍለው ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ።

የዱዋሊ ጋቢና ስፋቱ ወደ 80 ኢንች ነው፤ ከሌሎቹ ትልልቅ ፒካፖች አይለይም። ኋላው ግን ፓራፋንጎው ላይ ሲለካ ወደ 96 ኢንች ይደርሳል። በሜትር ፊቱ 2.03፣ ኋላው 2.44 ማለት ነው። ስለዚህ በየጎኑ ስምንት ኢንች፣ አንድ ስንዝር ያህል፣ ከጋቢናው ወደ ውጭ ይወጣል። የሹፌር ዓይን ደግሞ የሚመዝነው ከፊቱ ያለውን ነው። ነዳጅ ማደያው ጋ የቆመውን ቢጫ የብረት ምሰሶ ጋቢናው ሲያልፈው «አለፍኩት» ብሎ መሪውን ይጠመዝዛል። ፓራፋንጎው ግን ገና አልደረሰም።

ርዝመቱም አለ። ባለ አራት በርና ባለ ስምንት ጫማ ስፖንዳ የሆነው ዱዋሊ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ከ14 ጫማ በላይ ነው። ማንኛውም መኪና ሲታጠፍ የኋላ ጎማው የፊቱን ፈለግ አይከተልም፤ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት በረዘመ ቁጥር የሚቆርጠውም ይጨምራል። በዚህ ላይ ስምንቱን ኢንች ጨምሩበት። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ነው ቀኝ ሲታጠፉ የኋላው ጎማ የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ የሚወጣው። ጠርዙን የሚፈጨው የውጪው ጎማ ጎን ነው፤ የጎማ ጎን ደግሞ ከተቆረጠ ጎሚስታ አይለጥፈውም፣ አዲስ መግዛት ነው።

አገር ቤት አይሱዙ የነዳ ወንድም «ድርብ ጎማ ለእኔ አዲስ አይደለም» ሲል እሰማለሁ። እውነቱን ነው፤ እጁ የለመደው አቀማመጥ ግን ሌላ ነው። አይሱዙ ላይ ሹፌሩ የፊት ጎማው ላይ ነው የተቀመጠው፤ አፍንጫ የለውም። ዱዋሊ ላይ የፊት ጎማው ከሹፌሩ ቀድሞ ከኮፈኑ ሥር ነው ያለው። በአይሱዙ ልማድ ዘግይቶ ሲታጠፍ አፍንጫው ሌላ መስመር ውስጥ ይገባበታል፤ ያንን ሲፈራ ቀድሞ ይታጠፍና ኋላውን ጠርዝ ላይ ያወጣዋል። መድኃኒቱ ባዶ ሜዳ ላይ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ሁለት ባልዲ አስቀምጦ፣ በስፖኪዮ የኋላ ጎማውን እያዩ፣ በመካከላቸው ደጋግሞ ማለፍ። እኔ ከገዛሁ ከስምንት ወር በኋላ ነው ያደረግኩት። ቀድሜ ባደርገው ኖሮ አንድ ፓራፋንጎ ይተርፈኝ ነበር።

«ካሜራ ስላለው ስፖኪዮ ያን ያህል አያስፈልግም»

የኋላ ካሜራ የሚያሳየው ከስፖንዳው በር ጀርባ ያለውን ነው። የሚላጠው ደግሞ ጎኑ ነው። ትልቁ ስፖኪዮ ሥር ያለችውን ትንሿን ጎባጣ መስታወት ወደ ታች አውርዳችሁ፣ የኋላው ጎማ መሬት የሚነካበትና የመንገዱ መስመር አብረው እስኪታዩ ድረስ አስተካክሏት። ዱዋሊ የሚነዳው በዚያች መስታወት ነው።

«ሰፊ ስለሆነ ፓርኪንግ መስመር ውስጥ አይገባም»

ብዙ ሰው በዚህ ምክንያት ሁለት መኪና የሚያቆም ቦታ በጎን ይይዛል፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲሞላ ደግሞ ይህ ሌላውን ምእመን ያስከፋል። እስቲ እንለካው። አሜሪካ ውስጥ የተለመደው የፓርኪንግ ቦታ 9 ጫማ፣ ማለትም 108 ኢንች ይሰፋል። ከ108 ላይ 96 ሲቀነስ 12 ኢንች ይተርፋል፤ በየጎኑ ስድስት። ጠባብ ነው፣ ግን ይገባል። በር ለመክፈትም አያስቸግርም፤ ምክንያቱም በሩ ያለው ጠባቡ ጋቢና ላይ ነው፤ እዚያ በየጎኑ 14 ኢንች አለ።

የማይበቃው በርዝመቱ ነው። የተለመደው ቦታ 18 ጫማ ሲረዝም መኪናው ወደ 22 ጫማ ነው። አፍንጫውን አስገብተህ ብታቆመው አራት ጫማ የሚሆን ስፖንዳ መኪና የሚያልፍበት መንገድ ላይ ይቀራል፤ ማታ ላይ ያንን ሳያይ የሚገጨው ሰው ይኖራል።

ስለዚህ እኔ ሁለት ነገር አደርጋለሁ። ሲቻል ራቅ ብዬ ሁለት ቦታ ፊትና ኋላ በተያያዘበት እገባና በዚያው ወደፊት እወጣለሁ። ካልሆነ ወደኋላ እገባለሁ፤ ከቦታው ጀርባ ሣር ወይም የአፈር መደብ ካለ፣ የኋላ ጎማውን ጠርዙ ጋ አድርሼ የስፖንዳውን ጭራ ሣሩ ላይ አንጠለጥለዋለሁ። የኋላ ጎማው ከስፖንዳው ጫፍ አራት ጫማ ያህል ወደ ውስጥ ስለሆነ የጎደለው ርዝመት እዚያ ይገኛል። ከጀርባ ያለው የእግረኛ መንገድ ከሆነ ግን ይህን አላደርግም። ጋሪ የሚገፉ እናቶችና በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ ሰዎች በዚያ ያልፋሉ፤ የእኔ ምቾት የእነሱን መንገድ መዝጋት የለበትም። ከአካል ጉዳተኛ ፓርኪንግ አጠገብ በሰያፍ የተሰመረው ባዶ ቦታም እንዲሁ ነው። ለሰፊ መኪና የተተወ ትርፍ አይደለም፤ የተሽከርካሪ ወንበር መውረጃ ነው።

«ቁመቱ ካለፈ ፎቅ ፓርኪንግ ይገባል»

ብዙ ፎቅ ፓርኪንግ መግቢያው ላይ የሚለጥፈው ከፍታ ከ6 ጫማ ከ8 ኢንች እስከ 7 ጫማ ነው። ፊትና ኋላው አብሮ የሚጎትተው (4x4) ዱዋሊ ራሱ ወደ 6 ጫማ ከ8 ኢንች ስለሚቆም አንዳንዱ ጋ ጭራሽ አይገባም። ገባ እንበል፤ ፎቅ ለፎቅ የሚያወጣው ጠመዝማዛ መንገድ ግን በሁለቱም ጎን ሲሚንቶ ነው፤ ከመሀል ላይ ወደኋላ መመለስ ደግሞ ከኋላ የተሰለፈውን ሁሉ ማስመለስ ነው። ሆስፒታል ወይም መሀል ከተማ ቀጠሮ ካላችሁ ሜዳ ፓርኪንግ የት እንዳለ ከቤት ሳትወጡ እዩ። ወይም በቤት መኪናው ሂዱ።

«ጣሪያው ላይ ያሉት አምስት መብራቶች ለጌጥ ናቸው»

አይደሉም። በአሜሪካ የፌዴራል ደንብ ስፋቱ 80 ኢንችና ከዚያ በላይ የሆነ መኪና ስፋቱን የሚያሳይ መብራት ሊኖረው ግድ ነው። ፓራፋንጎ ተገጭቶ የጎኑ መብራት ከተሰበረ ቶሎ አስቀይሩት፤ ማታ ከኋላ የሚመጣው ሰው የመኪናችሁን ስፋት የሚያውቀው በዚያ ነው።

«አውቶማቲክ መኪና ማጠቢያ ማንኛውንም ፒካፕ ይቀበላል»

ጎማ ይዞ የሚጎትተው የማጠቢያ ሐዲድ የተሠራው ለነጠላ ጎማ ነው። የዱዋሊ ኋላ በሐዲዱና በብሩሾቹ መካከል አይበቃም፤ ብዙዎቹ መግቢያቸው ላይ ዱዋሊ እንደማይቀበሉ ይጽፋሉ። በእጅ የሚታጠብበት ክፍት ቦታ ወይም የከባድ መኪና ማጠቢያ ይሻላል።

«ስድስት ጎማ ስላለው አንዱ ቢፈነዳ አያስጨንቅም»

ይህ ከላይ ካሉት ሁሉ አደገኛው ነው። የቀሩት ፓራፋንጎ ይልጣሉ፤ ይህኛው ሰው ይገድላል።

ጎማው ጎን ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። ለምሳሌ 120/117 የሚል ከሆነ ሁለቱ ቁጥሮች የጭነት አቅም ናቸው። የመጀመሪያው ጎማው ብቻውን ሲሆን 1400 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው፤ ሁለተኛው ከመንትያው ጋር ሲሆን 1285 ኪሎ። መንትያ ሲሆኑ አቅማቸው የሚቀነሰው ሁለቱ ጭነቱን ሁልጊዜ እኩል ስለማይካፈሉ ነው። እንግዲህ አንድ ጎን ሙሉ አቅሙን፣ 2570 ኪሎ፣ ተሸክሞ ሳለ አንዱ ጎማ ቢፈነዳ፣ ያ ሁሉ 1400 ብቻ የሚችለው ጎማ ላይ ይወድቃል። ባዶ መኪና ከሆነ ቀስ ብሎ ጎሚስታ ጋ መድረስ ይቻላል። ጭነት ካለ ግን ዳር ይዞ መቆም ነው።

ከመፈንዳቱም የባሰው ቀስ ብሎ መተንፈሱ ነው። ነጠላ ጎማ አየሩ ሲቀንስ ሆዱ ይለጠጣል፣ ከሩቅ ይታያል። መንትያ ላይ የውስጠኛው ቢተነፍስ የውጪው ቀጥ አድርጎ ስለሚይዘው አይታይም። ጤነኛው ከአቅሙ በላይ ተሸክሞ ይግላል፣ የተነፈሰውም እየታሸ ይግላል፤ ሐምሌ ላይ በቴክሳስ አስፋልት ይህ መጨረሻው ምን እንደሆነ መንገድ ዳር የተበተነው የጎማ ቁራጭ ይናገራል።

«ዳሽቦርዱ ያሳውቀኛል» የሚልም አለ። የጎማ አየር መቆጣጠሪያን ግዴታ ያደረገው የፌዴራል ደንብ ፋብሪካው እስከነ ጭነታቸው ከ10,000 ፓውንድ በላይ የመደባቸውንም፣ ከኋላ መንትያ ጎማ ያላቸውንም አይጨምርም። አዳዲሶቹ ላይ አለ፤ ያገለገለ ከገዛችሁ ግን መኖሩን አረጋግጡ። እኔ በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት መኪናው ሳይሞቅ ስድስቱንም በመለኪያ እለካለሁ። ለውስጠኛው ቫልቮላ ረዥም አንገት ያለው መለኪያ ያስፈልጋል፤ ውድ ዕቃ አይደለም። መሞላት ያለበት መጠን የሹፌሩ በር ሲከፈት ተለጥፎ ይገኛል፤ የፊትና የኋላው አንድ አይደለም። በዚያው በመንትያዎቹ መካከል ድንጋይ ተቀርቅሮ እንደሆነም አያለሁ።

«ብዙ ጎማ ማለት መሬትን የበለጠ መያዝ ነው»

ጭነት ሲኖረው፣ አዎ። ባዶውን ግን የፒካፕ ኋላ ቀላል ነው፤ ከባዱ ናፍታ ሞተር ያለው ፊት ላይ ነው። ያ ጥቂት ክብደት ለሁለት ጎማ ፈንታ ለአራት ሲከፋፈል እያንዳንዱ ጎማ መሬቱን በትንሹ ይጫናል። እርጥብ ሣር፣ ጭቃና በረዶ ላይ ዱዋሊ በቀላሉ የሚንሸራተተው ለዚህ ነው። ዴንቨር ያለው ጓደኛዬ ክረምት ሲገባ የአሸዋ ከረጢት ከኋላ ጎማው በላይ ስፖንዳው ውስጥ አስሮ ይከርማል። ማሰሩ ዋናው ነገር ነው፤ ያልታሰረ ከረጢት ፍሬን ሲያዝ ወደ ጋቢናው ይመጣል።

«ቶል የሚያስከፍለው በአክስል ነው፤ ስለዚህ እንደ ቤት መኪና ነው»

ቶል (የመንገድ ክፍያ) የሚታሰበው በአክስል፣ ማለትም ጎማዎቹን በሚያያይዘው ዘንግ ብዛት፣ ከሆነ ዱዋሊም እንደ ቤት መኪና ሁለት ብቻ ስላለው ዳላስ ውስጥ ልክ ነው። ወደ ኒውዮርክ ስትሄዱ ግን አይሠራም። እንደ ጆርጅ ዋሽንግተን ያሉት የኒውዮርክና የኒውጀርሲ ድልድዮች ከኋላ መንትያ ጎማ ያለውን ባለ ሁለት አክስል መኪና በጭነት መኪና ምድብ ነው የሚያስከፍሉት።

«ሲዲኤል ካላስፈለገኝ ዲኦቲ አይመለከተኝም»

ሲዲኤል የንግድ መኪና መንጃ ፈቃድ ነው፤ ዲኦቲ የምንለው ደግሞ የፌዴራሉን የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ነው። ሁለቱ የተለያዩ መስመሮች ናቸው። ሲዲኤል የሚያስፈልገው የመኪናውና የተሳቢው የተመደበ ክብደት ተደምሮ 26,001 ፓውንድና ከዚያ በላይ ሲሆንና ተሳቢው ብቻውን ከ10,000 ሲያልፍ ነው። ለዚህ ነው 14,000 የተመደበ ዱዋሊ ያላቸው ልጆች 12,000 የተመደበ ተሳቢ የሚፈልጉት፤ ልክ 26,000 ላይ ይቆማል። የዲኦቲ መስመር ግን ከ10,000 በላይ ነው የሚጀምረው። ከስቴት ስቴት ለንግድ ከሠራህ የዲኦቲ ቁጥር፣ የሐኪም ካርድና የመንጃ ሰዓት ገደብ ይመለከቱሃል። ቅዳሜ ያንኑ መኪና ለራስህ አስቤዛ ስትወጣበት ደግሞ አይመለከቱህም።

«ደጄ ላይ ማቆም መብቴ ነው»

ቤቱ የሰፈር ማኅበር፣ ኤችኦኤ የምንለው፣ ካለበት መጀመሪያ ደንቡን አንብቡ። የንግድ መኪና ደጅ ላይ ማሳደርን የሚከለክሉ ብዙ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ጎኑ ላይ የድርጅት ስምና የዲኦቲ ቁጥር መለጠፉን ብቻ አይተው ይቀጣሉ። ቁጥሩን በማግኔት ሰሌዳ አድርጎ ከሥራ ውጭ ማንሳት ብዙዎችን አስማምቷል። ቀጥሎ ሜትር አውጥታችሁ ደጁን ለኩ። ለሁለት መኪና የተሠራ ጋራዥ ብዙውን ጊዜ ወደ 20 ጫማ ስለሚዘልቅ 22 ጫማውን መኪና አስገብቶ በሩን መዝጋት አይቻልም። ከጋራዡ በር እስከ እግረኛ መንገዱ ያለው ደግሞ ከ22 ካነሰ ጭራው የጎረቤት መተላለፊያ ላይ ያድራል። ይህ የሚለካው መኪናው ከመገዛቱ በፊት ነው።