የስታር ትሬክ ሦስተኛ ምዕራፍ እና «የወረዱት» ክፍሎቹ

የመጀመሪያው «ስታር ትሬክ» ከ1966 እስከ 1969 በአሜሪካው ኤንቢሲ ቴሌቪዥን የታየ፣ የአንዲት የጠፈር መርከብ ሠራተኞችን ጉዞ የሚተርክ የሳይንስ ልብወለድ ተከታታይ ድራማ ነው (ዓመታቱና ቀኖቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በሦስት ምዕራፎች 79 ክፍሎች አሉት። ስለ መጀመሪያዎቹ ሁለት ምዕራፎች ብዙ ተብሏል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ሦስተኛውን ምዕራፍ ነው፤ 24 ክፍሎች ያሉት፣ ብዙ ሰው ፊቱን አጨማዶ የሚያልፈው። የክፍሎቹን ርዕሶች ወደ አማርኛ የመለስናቸው እኛ ነን።

ድራማው በሁለተኛው ምዕራፍ ሊያበቃ ጫፍ ደርሶ ነበር። ቢጆ እና ጆን ትሪምብል የተባሉ ባልና ሚስት አድናቂዎችን አስተባብረው ጣቢያውን በደብዳቤ አጥለቀለቁት። የደብዳቤው ብዛት እንደ ተናጋሪው ይለያያል። ኤንቢሲ ግን መጋቢት 1968 መጀመሪያ ላይ ድራማው እንደሚቀጥል በቴሌቪዥን አስታወቀ። ደስታው ብዙም አልቆየም። መጀመሪያ ተስፋ የተሰጠው የሥርጭት ሰዓት ሰኞ ምሽት 1፡30 ነበር። የተሰጠው አርብ ማታ 4 ሰዓት ሆነ። የድራማው ተመልካች ወጣት ነው፤ አርብ ማታ በዚያ ሰዓት ወጣት ቤቱ ምን ይሠራል?

ፈጣሪው ጂን ሮደንበሪ በዚህ ተቆጥቶ ከዕለት ተዕለት ሥራው ራቀ። ፕሮዲውሰርነቱን ፍሬድ ፍራይበርገር ተረከበ። በጀቱም ተቀነሰ። ለመጣው ጉድለት ሁሉ ፍራይበርገርን መውቀስ የተለመደ ነው። ሰውየው ግን የተረከበው ኪሱ የሳሳ፣ ነባር ጸሐፊዎቹ የተበተኑበት ቤት ነበር።

ምዕራፉ የተከፈተው መስከረም 20 ቀን 1968 በ«የስፖክ አንጎል» ነው። አንዲት ሴት መርከቧ ላይ ትወጣና ስሜቱን የሚገታውን፣ ሥጋ የማይበላውን መኮንን የስፖክን አንጎል ወስዳ ትሰወራለች። አንጎሉ ከመሬት በታች ያለ ከተማ ማንቀሳቀሻ ሆኖ ይገኛል። ባዶ የቀረው ገላ በሪሞት እየተነዳ ባልደረቦቹን ይከተላል፤ ቀልድ አይደለም። ሴትየዋ ስትጠየቅ «አንጎል፣ አንጎል! አንጎል ምንድን ነው?» ትላለች። ይህ አባባል እስከ ዛሬ የአድናቂዎች መሳቂያ ነው። ታሪኩን ሊ ክሮኒን በሚል የብዕር ስም የጻፈው ጂን ኩን መሆኑ ደግሞ ይገርማል። ኩን በቀደሙት ምዕራፎች ከድራማው ምሰሶዎች አንዱ ነበር።

«ሕፃን ይመራቸዋል» ርዕሱን ከትንቢተ ኢሳይያስ ወስዶ ምንም አልሠራበትም። የክፉውን መንፈስ ሚና የያዘው ሜልቪን ቤሊ ነው፤ ፕሬዚዳንት ኬኔዲን ገድሏል ተብሎ የተያዘውን ኦስዋልድን የገደለው የጃክ ሩቢ ጠበቃ የነበረው ዝነኛ ሰው። ችሎት ላይ አንደበተ ርቱዕ ይሁን እንጂ እዚህ እንደ ሐውልት ቆሞ ያነበንባል። «ወደ ኤደን» የሚባለው ደግሞ የጠፈር ሂፒዎችን ያመጣል። የድራማው ጸሐፊ ዲ.ሲ. ፎንታና መጀመሪያ የጻፈችው ስለ መርከቧ ሐኪም ስለ ዶክተር ማኮይ ልጅ ስለ ጆአና ነበር። ታሪኩ እንዳልነበር ሆኖ ሲለወጥባት የራሷን ስም አስነሥታ በብዕር ስም እንዲወጣ አደረገች። ስፖክ ከሂፒዎቹ ጋር ሙዚቃ ሲጫወት ማየት ግን ደስ ይላል፤ መካድ አይቻልም።

የገንዘብ እጥረቱ ሁልጊዜ አልጎዳም። በአንድ የካውቦይ ክፍል የከተማዋ ቤቶች ፊት እንጂ ጎንና ጀርባ የላቸውም። ጎዶሎዋ ከተማ ከሕልም የመጣች መስላ አረፈችው።

«የፕላቶ የእንጀራ ልጆች» በታሪክ አወቃቀር ደካማ ነው፤ ስሙ የተነሣው በነጩ የመርከቧ አዛዥ በኪርክ እና በጥቁሯ መኮንን በኡሁራ መሳሳም ነው። በአሜሪካ ቴሌቪዥን በነጭና በጥቁር መካከል የመጀመሪያው ነው ሲባል ይሰማል። ይህ ያከራክራል፤ ከዚያ በፊት የታዩ ሌሎች ይጠቀሳሉ።  ሁለቱ የሚሳሳሙት በሌሎች ኃይል ተገደው መሆኑ ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል።

የምዕራፉ ዕንቁ «ትላንቶቻችን ሁሉ» ነው። ፀሐይዋ ልትፈነዳ የደረሰች ዓለም ነዋሪዎች በአንድ ቤተ መጻሕፍት በር ወደ ኋላ ዘመን ይሸሻሉ። ስፖክ በበረዶ ዘመን ይቀራል፤ ሥጋ ይበላል፣ ይቆጣል፣ ያፈቅራል። የጻፈችው ጂን ሊሴት አሮስት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ነበረች። ታሪኩ ላይ ያስታውቃል።

የመጨረሻው ክፍል መጋቢት 28 ቀን 1969 ሊታይ ነበር። የቀድሞው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በዚያው ዕለት ስላረፉ ቀርቶ ሰኔ 3 ታየ። አንዲት ሴት ከኪርክ ጋር ገላ ትለዋወጣለች፤ ምክንያቷም የመርከብ አዛዥነት ለሴት ዝግ ነው የሚል ነው። ደራሲዎቹ ያንን ሊነቅፉ ፈልገው ይሁን ወይስ አምነውበት፣ ተመልካች እስከ አሁን አልተስማማም። ሰው ጨረቃ ላይ የረገጠው ይህ ክፍል ከታየ ከ47 ቀን በኋላ ነው።

በ1970ዎቹ የየከተማው ጣቢያዎች ድራማውን ደጋግመው አሳዩት። ለዕለታዊ ሥርጭት ብዙ ክፍል ያስፈልጋል፤ እነዚህ 24ቱ ባይኖሩ 55 ብቻ ነበር የሚቀረው። ብዙዎቹ ጣቢያዎች ያሳዩት ደግሞ ከሰዓት በኋላና አመሻሽ ላይ ነው፤ ተማሪው ቤት በገባበት ሰዓት።